ማጫወቻው ሲራገፍ ዘፈኑ የት ይሄዳል?

ከሰዓት በኋላ ቴዎድሮስ አደባባይ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሰው፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ያልሰካ ወጣት ለማግኘት ትንሽ መጠበቅ አለበት። ወደ ማዘጋጃ ሽቅብ የሚወጣውም፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደውም የራሱን ዘፈን ይዞ ነው የሚሄደው። «ይዞ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል። ዘፈኑ የምር እጁ ላይ ነው? ወይስ አንድ አፕ ለጊዜው አውሶት ነው?

ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። አሁን ሙዚቃ የምትሰሙበትን አፕ ከስልካችሁ ብታጠፉት ዘፈኖቹ ይቀራሉ ወይስ አብረው ይሄዳሉ? በኢንተርኔት የሚያሰሙ አፖች ላይ «ዳውንሎድ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ሳይቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው አፑ ሆድ ውስጥ፣ ሌላ ማጫወቻ ሊከፍተው በማይችል መልክ ነው። አፑ ሲሄድ እሱም ይከተላል።

ዛሬ የማወራችሁ የዚህ ተቃራኒ ስለሆነ ነገር ነው። ሊኑክስ ላይ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠሩ ትንንሽ የሙዚቃ ማጫወቻዎች አሉ። እንዴት እንደሚጫኑ ብዙ ሰው ያስተምራል። እንዴት እንደሚራገፉ ግን ብዙም አይወራም። እኔ ደግሞ የአንድን ሶፍትዌር ጨዋነት የምለካው ስንሸኘው በሚያሳየው ጸባይ ነው።

ፒያሳ ሙዚቃ «መያዝ» ምን እንደሆነ ታውቃለች

በንጉሡ ዘመን ሸክላ ማስቀረጽና ማስመጣት በሕግ የተፈቀደው ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ ያው እዚሁ ፒያሳ ላለው አገር ፍቅር። አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ያንን ክልከላ ተጋፍቶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ሙዚቃ ትልቅ ክፍል የተረፈልን በዚያ ድፍረት ነው። ከዚያ ካሴት መጣ። ማህሙድ አህመድ እንኳ እየዘፈነ ጎን ለጎን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፒያሳ ውስጥ የራሱ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ያኔ ዘፈን መግዛት ማለት አንድ ዕቃ በእጅ ይዞ ቤት መግባት ነበር። ቴፑ ቢበላሽ ካሴቱ የጎረቤት ቴፕ ላይ ይሠራል።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ካሴት አሳተመ፤ ከዚያም ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እየነዳ ዓመታት አለፉ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት አገኘው። በ2013 እንደገና ታተመና ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ አንድ ቅጂ ስለቀረ ማለት ነው። ያ ሙዚቃ በወቅቱ የነበረው አንድ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቢሆንና ኩባንያው ቢዘጋ፣ ባሕር ዳር ሄዶ የሚገኝ ነገር አይኖርም ነበር።

ፒያሳ ራሷ መራገፍን አይታለች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል። ቤት ሲፈርስ ዕቃውን ቀድሞ ያወጣ ሰው ዕቃው ይቀርለታል። ኮምፒውተርም ላይ ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ቤቱና ዕቃው ለየብቻ መሆናቸውን ማወቅ።

ጥቁሩ መስኮት ለምን?

ሊኑክስ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚወርድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ጀመረው። ከእሱ ላይ ከተገነቡት ውስጥ በብዛት የሚታወቀው ኡቡንቱ በ2004 የወጣ ሲሆን፣ ስሙም አፍሪካዊ፣ መሥራቹም ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው።

ለምን አሁን? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ አይወድም። እኛ አገር ዩዝድ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚማር ወጣት ብዙ ነው፤ 4 ጊጋ ራም ያለው፣ አንዳንዴም 2 ጊጋ ብቻ። እንደዚህ ያለ ማሽን ላይ ብሮውዘር ከፍቶ ዩቲዩብ ላይ ዘፈን እያሰሙ ጥናት መጻፍ ማለት ሚኒባስ ላይ ፍሪጅ ጭኖ አቀበት እንደ መውጣት ነው። አንድ የብሮውዘር ታብ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ራም ሊበላ ይችላል። የተርሚናል ማጫወቻ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት አሥር ሜጋባይት ይረካል። ምስል የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ «ይህንንም ይወዱ ይሆናል» የለ። ዘፈን ብቻ።

ሒሳቡን ደሞ እንሥራው። በ128 ኪሎቢት የተቀረጸ የ5 ደቂቃ ኤምፒ3 ዘፈን ወደ 4.8 ሜጋባይት ይመዝናል። 20 ዘፈን በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ30 ቀን በየጊዜው ከኢንተርኔት ብትሰሙ 600 ጊዜ ነው፤ 2,880 ሜጋባይት፣ ማለትም ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። እነዚያኑ 20 ዘፈኖች አንዴ አውርዳችሁ ብታስቀምጡ ግን 96 ሜጋባይት። ከዚያ በኋላ ለሺህኛ ጊዜ ብትሰሙት የዳታው ዋጋ ዜሮ ነው። በቪዲዮ ከሆነ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

አጫጫን፦ ዋጋውን ቀድሞ የሚናገር ሱቅ

ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የማስቀምጠው አነባበባቸውን ነው፤ ያስቸግራል ብዬ የገመትኩትን ፊደል በፊደል እነግራችኋለሁ። ሁሉም በትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው።

ኡቡንቱ ላይ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲን አንድ ላይ ስትጫኑ ተርሚናል ይከፈታል። ከብዙዎቹ ማጫወቻዎች ለጀማሪ የምመርጠው «ሲመስ» (ሲ-ኤም-ዩ-ኤስ) የሚባለውን ነው። እንዲህ ነው የሚጫነው፦

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሲመስ

«ሱዶ» (ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ) ማለት ባጭሩ «እንደ ባለቤት ሆኜ ነው የማዝዘው» ነው፤ ለዚህ ነው የይለፍ ቃል የሚጠይቃችሁ። ስትጽፉት ስክሪኑ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ኪቦርዱ አልተበላሸም፣ እንዲያ ነው የተሠራው፤ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። «አፕት» (ኤ-ፒ-ቲ) ደግሞ ዕቃ አምጪው ነው። የመጀመሪያው መስመር የዕቃ ዝርዝሩን ያድሳል፣ ሁለተኛው ዕቃውን ያመጣል።

እዚህ ጋ የምወደው ነገር አለ። አፕት ማውረድ ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ዳታ እንደሚበላ፣ ሲጫን ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ፣ አብረው የሚመጡ አጋዥ ፓኬጆች የትኞቹ እንደሆኑ ይዘረዝራል። ተጨማሪ ነገር የሚያመጣ ከሆነም «ልቀጥል?» ይላል። ዋ ብላችሁ ስትመልሱ ይቀጥላል፤ ዋይ ማለቴ ነው፣ የ«የስ» ዋይ። ሲመስ ራሱ ሲወርድ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው፤ አጋዦቹ ግን ማሽናችሁ ላይ ባለው ነገር ልክ ሊጨምሩት ይችላሉ። ስለዚህ ያቺን መስመር ሳታነቡ አትለፉ። የዕቃውን ዋጋ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ፒያሳ ወርቅ ቤት ቢገባ ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ።

ኢንተርኔት የሌለው ሰውስ? ዋይፋይ ያለው ጓደኛችሁ በ«አፕት-ጌት ኢንስቶል» ላይ «ዳውንሎድ-ኦንሊ» የሚለውን ምርጫ ጨምሮ ፓኬጁን ሳይጭነው ሊያወርድላችሁ ይችላል። ፋይሎቹ «ቫር» ውስጥ «ካሽ»፣ እዚያ ውስጥ «አፕት»፣ እዚያ ውስጥ «አርካይቭስ» የሚባል ፎልደር ላይ ይቀመጣሉ። በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ መጫን ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ። የሁለታችሁም ሊኑክስ አንድ ዓይነትና አንድ ቨርዥን መሆን አለበት፤ ጓደኛችሁ ቀድሞ የጫናቸው አጋዥ ፓኬጆች ደግሞ ድጋሚ ስለማይወርዱ ሊጎድሏችሁ ይችላሉ።

አጠቃቀም በአምስት ደቂቃ

ተርሚናሉ ላይ ሲመስ ብላችሁ ጻፉ። 5 ቁጥርን ስትነኩ ፎልደሮቻችሁ ይታያሉ። ዘፈን ያለበት ፎልደር ላይ ሄዳችሁ ኤ ፊደልን ንኩ፤ ወደ ዝርዝራችሁ ይገባል። ከዚያ 1 ቁጥር፤ ዘፈኖቹ በዘፋኝና በአልበም ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ኤክስ ያጫውታል፣ ሲ ለጊዜው ያቆማል፣ ቢ ወደሚቀጥለው፣ ዜድ ወደ ኋላ ይወስዳል። ኤስ ያደበላልቃል። ለመውጣት ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ኢንተር።

ለኛ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ፤ ፊደል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የዘፈን ስም በአማርኛ መጻፍ ላይ ምንም ችግር የለም። ተርሚናላችሁ ባዶ ሳጥን ሳጥን ካሳያችሁ የጎደለው ፎንት ነው፤ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚባለውን ፓኬጅ በዚያው በአፕት መጫን ይቻላል። ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ። ማጫወቻው «ፀሐይ»ን እና «ጸሃይ»ን አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈም ከሆነ ትዝታን አንዱ በአይ፣ ሌላው በኢ ይጽፈዋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብሎ የፋይሎችን ስም በአንድ ሥርዓት ማስተካከል ዓመት ሙሉ ይጠቅማል። «ትራክ 01» የሚል ስም ያለው ፋይል ከሦስት ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ ማንም አያውቀውም።

አሁን እናራግፈው

ወይ አልወደዳችሁትም፣ ወይ ሌላ አግኝታችኋል። ሦስት ቃላት ማወቅ በቂ ነው።

የመጀመሪያው «ሪሙቭ» ነው። «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ሲመስ» ስትሉ ፕሮግራሙ ይነሳል። ሲስተሙ ውስጥ ያስቀመጣቸው የማስተካከያ ፋይሎች ካሉ ግን ይቀራሉ፤ ምናልባት ትመልሱት ይሆናል ብሎ ነው።

ሁለተኛው «ፐርጅ» ነው። በ«ሪሙቭ» ቦታ ይገባል። ፕሮግራሙንም፣ እነዚያንም ማስተካከያዎች ጠርጎ ያወጣል።

ሦስተኛው «ኦቶሪሙቭ» ነው። ማጫወቻው ሲመጣ አብረውት የመጡ፣ አሁን ግን ማንም የማይፈልጋቸውን አጋዥ ፓኬጆች ያነሳል። «ሱዶ አፕት ኦቶሪሙቭ» ብቻ ነው የሚጻፈው።

ሦስቱም ግን አንድ ቦታ አይነኩም፦ የእናንተን የግል ፎልደር። ዘፈኖቻችሁ እዚያ ስለሆኑ አንዲትም አትጠፋም። ሲመስ የያዘው የዘፈኖቹን አድራሻ እንጂ ዘፈኖቹን አይደለም። የአድራሻ ዝርዝሩና ፕሌይሊስቶቹ በግል ፎልደራችሁ ውስጥ «ኮንፊግ» በሚባል ስውር ፎልደር፣ «ሲመስ» በሚል ስም ይቀመጣሉ። እነዚህንም ማጥፋት ከፈለጋችሁ ፋይል ማኔጀር ላይ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ ስውር ፎልደሮች ይታያሉ፤ በእጃችሁ አንስታችሁ ጣሉት። በትእዛዝ ማጥፋትም ይቻላል፤ ግን እዚያ ላይ አንድ ክፍት ቦታ በስህተት መሃል ከገባ ያላሰባችሁት ፎልደር ሊጠፋ ይችላል። ጀማሪ ከሆናችሁ ይቅርባችሁ።

ሁለት ወጥመድ ልንገራችሁ። ሲመስ ውስጥ ትልቁ ዲ ፊደል ማስወገጃ ነው። 1 ቁጥር ላይ ሆናችሁ ብትነኩት ዘፈኑ ከዝርዝሩ ብቻ ይወጣል፤ ፋይሉ ሰላም ነው። 5 ቁጥር ላይ ሆናችሁ ከሆነ ግን ፋይሉን ራሱን ሊያጠፋ ነው። ይጠይቃችኋል፤ ጥያቄውን አንብቡ። ሁለተኛው «ሞክ» (ኤም-ኦ-ሲ) ከሚባለው ሌላ ማጫወቻ ጋር የተያያዘ ነው። ትንሹን ኪው ነክታችሁ ስትወጡ መስኮቱ ይዘጋል፣ ዘፈኑ ግን ይቀጥላል፤ ከጀርባ የሚሠራ ክፍል ስላለው ነው። ሙሉ በሙሉ ለማቆም ትልቁ ኪው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ላይብረሪ ውስጥ ምን ያህል እንደሚደነግጥ አስቡት። በነገራችን ላይ የሞክ ፓኬጅ ስሙ «ሞክ» ሆኖ ሲከፈት ግን መጨረሻው ላይ ፒ ይጨመርበታል። ሲጫንም ሲራገፍም ያለ ፒው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን «ዋይ» ከማለታችሁ በፊት ዝርዝሩን አንብቡ። በ2021 እ.ኤ.አ. ሊነስ ሰባስቲያን የሚባለው ታዋቂ ዩቲዩበር ፖፕ ኦኤስ የተባለ ሊኑክስ ላይ የጌም ሶፍትዌር ሊጭን ሞከረ። በነበረ የፓኬጅ ችግር ምክንያት ሲስተሙ «ይህን ከጫንክ ዴስክቶፑን ላነሳው ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ዘረዘረለት። እሱም «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ» የሚለውን ማረጋገጫ ጻፈ። ዴስክቶፑ እሱ እያየ ተነሳ። ሊጭን ገብቶ አራግፎ ወጣ። ሊኑክስ ይጠይቃል፤ ከመለሳችሁለት በኋላ ግን አይከራከርም።

ላፕቶፕ የሌለውስ?

አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ይበቃል። «ተርመክስ» የሚባል ነፃ አፕ ስልካችሁ ላይ ተርሚናል ይከፍትላችኋል። ከኤፍ-ድሮይድ ማውረዱ ይመረጣል። መጀመሪያ «ተርመክስ-ሴትአፕ-ስቶሬጅ» ብላችሁ ፋይሎቻችሁን እንዲያይ ፈቃድ ስጡት። ከዚያ «ፒኬጂ ኢንስቶል ኤምፒቪ» ስትሉ «ኤምፒቪ» የሚባለው ማጫወቻ ይጫናል። ስሙን አስቀድማችሁ «ኖ-ቪዲዮ» የሚለውን ምርጫና የዘፈኑን ፋይል ስትጽፉ ይዘፍናል። ለማራገፍ «ፒኬጂ አንኢንስቶል ኤምፒቪ»።

እዚህም ላይ የርዕሳችን ጥያቄ ይመጣል። ዘፈኖቻችሁን በተርመክስ የራሱ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁና አፑን ራሱን ከስልኩ ካጠፋችሁት፣ ዘፈኖቹ አብረው ይጠፋሉ። ስልኩ የጋራ የሙዚቃ ፎልደር ወይም ሚሞሪ ካርዱ ላይ ካሉ ግን ይቀራሉ። ስለዚህ ዘፈን ሁሌም ከማጫወቻው ውጭ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ፋይል መያዝ ማለት ከሰው ፍላሽ መገልበጥ ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ለአርቲስቱ ነው። ቤት ያለውን ሲዲና ካሴት ወደ ፋይል መቀየር፣ ሽያጩ ፋይሉን በእጅ የሚሰጥ ከሆነ መግዛት፣ አርቲስቱ ራሱ በነፃ የለቀቀውን ማውረድ፤ ከዚህ ቢጀመር ጥሩ ነው። በክፍያ የሚያሰሙ አፖችንም ጣሉ እያልኩ አይደለም፤ አርቲስቱ የሚያገኘው ገንዘብ በእነሱም በኩል ይመጣል። የሚወደድን ዘፈን ግን አንድ ቅጂውን በራስ እጅ ማስቀመጥ ይገባል ነው የምለው።

አደባባዩ መሃል የቆመውን የሴባስቶፖልን አምሳያ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዋናው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ በስንት ሰው ትከሻና ገመድ መቅደላ አምባ ላይ ወጣ። ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ከባድ ነገር ካወጡት በኋላ ማውረዱ ሌላ ዘመቻ ነው። ስልካችን ላይ ተጭነው የመጡ፣ ብንፈልግም የማይወጡ አፖች ስንት ናቸው? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ከሁሉም የምትወዱትን አንድ ዘፈን ምረጡና ፋይሉ የት ፎልደር እንዳለ ፈልጉ። ካገኛችሁት ሁለተኛ ቅጂ ፍላሽ ላይ አስቀምጡለት። ካጣችሁት ደግሞ እስካሁን የነበራችሁ አፑ እንጂ ዘፈኑ አልነበረም ማለት ነው።